ሁለት ዒድ የነበረው ቤት

ባለፈው ሳምንት ከኬላው አጠገብ ካለው ዱካ አዲስ የላስቲክ ምንጣፍ ገዛሁ። ዱካ የምንለው ሱቅን ነው፤ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ያደገ ሰው አማርኛ ሲናገርም ሱቅ ከማለቱ በፊት ዱካ ይቀድመዋል፣ እኔም ይህን ልማዴን ለማረም ሞክሬ ትቼዋለሁ። ምንጣፉ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ቤት አምጥቼ የታሰረበትን ገመድ ፈትቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ የተጠቀለለው ጠርዝ እንዲተኛ ማዕዘኖቹ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት፤ ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ ሲገባበት ያ ሽታ መጣ፦ የሞቀ ላስቲክ፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽም እንደ ላምባ ያለ ነገር። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ ደስ ይላል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ግን ቆሜ አሸተትኩትና ያልጠበቅሁት ነገር፣ ጉልበቴን አመመኝ። ያመመኝ የዛሬው ጉልበቴ አይደለም፤ በማንያታ ሰፈር ከመስጊዱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ፣ እንዲህ ባለ ምንጣፍ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ታጥፎ ይውል የነበረው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ጉልበት ነው።

ዳውራ ይሉታል። በኦገስት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሙስሊም ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ያላገኙትን የዲን ትምህርት በአንድ ዕረፍት ውስጥ ጆንያ ውስጥ እህል እንደሚረግጥ ሰው ጠቅጥቀው የሚጭኑበት ነው፤ ጠዋት ቁርኣን ማንበብ፣ ቀጥሎ የሶላትና የንጽሕና ሕግ፣ ቀጥሎ የነቢዩ ታሪክ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ደግሞ እንደገና ቁርኣን። ደጋ ያሉት የአባቴ ዘመዶች ይህን ወቅት ክረምት ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዝናብ የለም፣ ያለው ንፋስ ነው፣ ንፋሱም ቀይ አቧራ ተሸክሞ በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብቶ የተከፈተው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ እኛም ፊደሉን ከማንበባችን በፊት እፍ እንላለን። ያን ዓመት ረመዳን ከኦገስት ጋር ስለገጠመ ዳውራው የጾመኞች ሆነ፤ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ እንደ ደከመ ንብ ይሆናል፣ ከሕፃናቱ አንዱ ሱራው መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስደውና ጎረቤቱ በክርኑ ጎስሞ ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

ዳውራው ለተማሪዎች ነው ብያለሁ። እኔ ተማሪ አልነበርኩም።

አባቴ የወሎ ሰው ነበር። ወጣት ሳለ በንግድ እዚህ ደርሶ እናቴን፣ የቦረናን ልጅ፣ አግብቶ ቀረ፤ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ማለቴ ነው፣ ምስርና ቅመም እያሻገረ በኬንያ በኩል ባለው ዱካው ይሸጥ ነበር። እናቴ ለዓመታት ስለታመመች የቤቱ ሥራና የታናናሽ ወንድሞቼ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፤ እነሱ ዩኒፎርም ለብሰው ሲወጡ እኔ ኮሌታቸውን አስተካክዬ በሩን እዘጋለሁ። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ እንዲታወቅ ነው። እናቴ ስትድን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ የማውቀውም ፊደል ከምስር ጆንያ ላይ በራሴ የለቃቀምኩት የአማርኛው ብቻ ነበር። በጆሮዬ ግን ብዙ ነገር ይዤ ነበር። ወንድሞቼ ማታ ማታ ሱራ ሲያጠኑ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማቸዋለሁ፣ ጠዋት ሲረሱት እኔ አስታውሳቸዋለሁ፣ አባቴም “ይቺ ልጅ በቀቀን ናት፣ የሰማችውን ሁሉ ትመልሳለች” እያለ ይስቅ ነበር።

ትምህርት ቤት ልግባ ስለው ምስር እየሰፈረ ነበር።

“ልትዳሪ ደርሰሽ ነው ከሕፃናት ጋር የምትቀመጪው?” አለኝ ቀና ሳይል። “ሰውስ ምን ይላል፣ ዘሀራ?”

“ሰው ምስሩን ይግዛ” አለች እናቴ ቤታችንን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ።

አባቴ ቶሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ምስሩን ሰፍሮ ጨረሰ፣ የጆንያውን አፍ ቋጠረ፣ ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፦ መጀመሪያ ዳውራውን እሞክራለሁ፤ በመዝጊያው ቀን ቁርኣኑን እሱ ራሱ ይከፍታል፣ እሱ ከከፈተው ቦታ አነባለሁ፤ ካነበብኩ በጃንዋሪ በራሱ እግር ትምህርት ቤት ይወስደኛል፤ ካላነበብኩ ግን ዱካውን እይዛለሁ፣ የትምህርትም ነገር ከዚያ ወዲያ አይነሳም። “እኔ ነኝ የምከፍተው” አለ ደግሞ፣ “በቀቀንነትሽን አውቀዋለሁ።” እሱ ራሱ ማንበብ አይችልም ነበር፤ የሚያውቀው ሁሉ የቃል ነው። ስለዚህ ማሊሙ ባለበት ይሁን አለ።

ማሊም የምንለው የቁርኣን መምህሩን ነው። ማሊም አደን ከታች አገር፣ በናይሮቢ መንገድ ካለ ከተማ፣ ለዳውራው ብቻ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ሲስቅ አፉን አይከፍትም። የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነሽ ሲለኝ የምንም አልኩት። ጥቂት አሰበና “እንግዲያው የምንም ክፍል ከፊት ነው” ብሎ ከትንንሾቹ ጋር፣ ከእሱ ጫማ አጠገብ አስቀመጠኝ። ከኋላዬ ያሉት በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሲንሾካሾኩ እሰማ ነበር፤ ከፊቴ ያሉት ግን በቁመቴ ተደሰቱ፣ ምክንያቱም ከመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ እከልልላቸው ነበር።

የዳውራው አሠራር እንዲህ ነው፦ አዲስ ትምህርት የሚሰጥሽ የትናንቱን ለሌላ ሰው አሰምተሽ ስታልፊ ብቻ ነው፤ ማሊሙ አንድ፣ እኛ አዳራሽ ሙሉ ስለሆንን የቀደመው የኋላውን ያስጠናል፣ ዕድሜም ቁመትም አይጠየቅም። የእኔ አስጠኚ ኑሪያ ሆነች። ኑሪያ የቡቲዬ መንደር ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከአጎቷ ሞተር ብስክሌት ላይ ቅንድቧ አቧራ ለብሶ ትወርዳለች፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ሲን የምትባለዋን ፊደል በፉጨት አስተማረችኝ፣ ማሊሙም ፉጨቱን ከእኔ ለማስጣል ሌላ ሳምንት ፈጀበት። ዳዳ ትለኛለች፣ በስዋሂሊ እህቴ እንደማለት ነው፤ ዳዳ ማለቷ ግን ከቁጣዋ አላዳነኝም። የታወቁትን አጫጭር ሱራዎች ስትከፍትልኝ አፌ ያውቃቸዋልና ይሮጣል፣ ጣቴ ግን መጀመሪያው መስመር ላይ ተገትሮ ይቀራል።

“ዳዳ፣ ጣትሽ የት ነው?” ትለኛለች።

“እዚህ።”

“አፍሽስ?”

ጣቴን ወደ ታችኛው መስመር እገፋለሁ።

“አፍሽ ቤቱ ገብቷል፣ ጣትሽ ገና መንገድ ላይ ነው። ከመጀመሪያ።”

በመጨረሻ የማውቃቸውን ሱራዎች ሁሉ ዘግታ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ቦታ እየፈለገች ታመጣልኝ ጀመር። እዚያ አፌ መሪ አጣ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው መጡ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ፣ ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ አንድ ሙሉ ቃል ማንም ሳይነግረኝ ከገጹ ተነስቶ በአፌ ወጣ። ዞር ብዬ ኑሪያን አየኋት። የቆሰለ ጉልበቷን እያከከች ነበር። “ቀጥዪ” አለችኝ።

የመዝጊያው ቀን የተቆረጠው ቀደም ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆጥረው ሐሙስ አሉ፤ ሐሙስ የጾሙ ሠላሳኛ ቀን ላይ ይውላል፣ ማሊሙም የዚያኑ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ በሚነሳው መኪና ሄዶ ዒዱን ከቤተሰቡ ጋር ይውላል፤ ጨረቃዋ ቀድማ ከታየች ደግሞ ሐሙስ ዒድ ይሆናል፣ መዝጊያውን ከዒዱ ጋር አብረን እናከብራለን። ሁለቱንም አስበዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናሉ ብሎ ግን ያሰበ አልነበረም፤ ይህን ስሕተት ደግሞ ከሞያሌ ሰው በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም፣ ምክንያቱም በከተማችን ሁለት ጨረቃ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ በየዓመቱም ሁላችንም እንረሳዋለን። ማዶ የሚታወጀው ዒድና በእኛ በኩል የሚታወጀው ዒድ አንዳንድ ዓመት አብረው ይውላሉ፣ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ በአንዱ መንገድ ላይ አዲስ ልብስ የለበሰ ሰውና ከንፈሩ በጾም የደረቀ ሰው ተያይተው፣ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ።

በእኛ ቤት ነገሩ ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ ነበር። አባቴ የማዶውን ይከተላል፣ እናቴ የወዲህኛውን። “ጨረቃዋ አንድ ናት፣ ኬላ አታውቅም” ይላል እሱ። “አንድ ከሆነች ለምን ለአንተ ብቻ ትወጣለች?” ትላለች እሷ። ከዚያ ያለፈ ክርክር አልነበራቸውም። እሱ በዒድ ቀን መጾሟ ለነፍሷ ያሳስበዋል፣ እሷም በረመዳን መብላቱ ለነፍሱ ያሳስባታል፣ ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ብቻ በዱዓቸው ይጨቃጨቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የሱ ዒድ ሲቀድም እናቴ እየጾመች ማልዳ ተነስታ ሥጋውን ትሠራለታለች። አትቀምሰውም። በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይፈቀዳል ቢሏት እንኳ አትሰማም፤ ስለዚህ የአባቴ ዒድ ወጥ ወይ ጨው የለውም ወይ ባሕር ነው። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጾመኞቹን እንዳያስቀና፣ ማንኪያው ሳሕኑን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ይበላል፤ ስለ ጨውም አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ረቡዕ ማታ የመስጊዱ ሰዎች ሜዳው ላይ ወጥተው ምዕራቡን አዩ፣ ያዩትም ደመና ነበር። ሬዲዮው ነገ ጾም ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ መስጊዶች ተክቢራው፣ የዒድ ዋዜማው አላሁ አክበር፣ በንፋሱ ላይ ተንሳፍፎ መጣ።

“ዒድ ሙባረክ” አለ አባቴ።

“ለአንተ” አለች እናቴ።

እኔ ሁለቱን አየኋቸው። “አባ፣ ነገ እኮ መዝጊያው ነው” አልኩ።

“በዒድ ቀን ምን ፈተና አለ፣ ልጄ?”

“እዚህ ዒድ አይደለም። ማሊሙም ነገ ይሄዳል።”

ተክቢራው ወደሚመጣበት ዞረ። ታላቅ ወንድሙ ማዶ ነው ያለው፤ የዒድ ሶላትን አብረው ሰግደው፣ ቀኑን እዚያ ውለው፣ ሰው የሞተባቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ዱዓ አድርገው፣ አባቴ የሚመለሰው ሲመሽ ነበር። ይህን አንድም ዓመት አጓድሎት አያውቅም። “አላህ ያውቃል” አለ በመጨረሻ፤ በእሱ አፍ ይህ እሺም እምቢም አልነበረም። እናቴ ወደ ማጀት ስትከተለኝ “ኢንታላ ኮ” አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ “አንቺ ማንበቡን ያዢ፤ መምጣቱ የሱ ነው።”

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ በልቶ ወጣ። አዳራሹ ስገባ የማዶ ልጆች ቦታ ባዶ ነበር፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ ተጠፍጥፎ ይታያል። ማሊሙ የታሸገ ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀምጧል። አንድ በአንድ እየተነሱ አሰሙ፤ ለመስማት የመጡት ጾመኛ ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ይሰማሉ፣ አንዳንዱም እንደ ሕፃናቱ ያንቀላፋል። ተራዬ ሲደርስ እንዳሳልፈው ለመንኩ፣ ተፈቀደልኝ። ሁሉም አሰምቶ ሲያልቅ፣ ዐስር ተሰግዶ፣ የመኪናው ጡሩምባ ከዋናው መንገድ መሰማት ሲጀምር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

“ዘሀራ፣ እኔ ልክፈትልሽ?” አለ ማሊሙ። “ካነበብሽ ለአባትሽ አንድ ሰው እልካለሁ።”

“አባቴ ነው የሚከፍተው” አልኩ።

ኑሪያ በጆሮዬ “ዳዳ፣ አንብቢና እንሂድ፣ ርቦኛል” አለችኝ። ልጅቷ ያን ቀን እንድትጾም አልተገደደችም፣ ከእኔ ጋር ስለሆነች ነበር የጾመችው፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግን እምቢ አልኩ። እልኸኝነት አልነበረም። የተባለው እሱ ይከፍታል ነው፤ ሌላ ሰው ቢከፍተው የማነበው ሌላ ነገር ይሆናል፣ እሱም እድሜውን ሁሉ በቀቀን ይለኛል።

ጡሩምባው ሁለተኛ ሲነፋ ከመስኮቱ ውጭ ጀለቢያ ነጣ።

አባቴ ወደ ውስጥ አልገባም። በግራ እጁ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ይዟል፣ የወንድሙ ሚስት ለእኛ ማፍጠሪያ የላከችው፤ ሽታው ከሱ ቀድሞ በመስኮቱ ገባ፣ ግድግዳውን የተደገፉት ጾመኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቁ። እሱ ይህን አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

“አልገባም” አለ። “እኔ በልቻለሁ። ከዚህ እሰማለሁ።”

“ቁርኣኑን ማን ይክፈት?” አለ ማሊሙ።

አባቴ ሥጋውን አጥሩ ላይ ሰቀለው፣ ወደ ጀሪካኑ ሄዶ ቁርኣን ለመንካት የሚታጠቡትን ውዱእ አደረገ፣ ጥርሱን ደግሞ ከሚገባው በላይ ፋቀ፣ አፉንም ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ማሊሙ ቁርኣኑን በመስኮቱ አቀበለው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ መሐሉን ከፈተ፤ ቁርኣኑ እንደተከፈተ ተመልሶ በመስኮቱ ገባ፣ ፊቴ ተቀመጠ። ሰምቼው የማላውቅ ቦታ ነበር። አቧራውን እፍ አልኩ፣ ጣቴን አኖርኩ፣ ጀመርኩ።

ጥሩ አላነበብኩም። ወንዝ በድንጋይ ላይ እንደሚሻገር ሰው ነበርኩ፣ አንዱ ላይ በደንብ ሳልቆም ወደሚቀጥለው አላለፍኩም፤ አንድ ቦታ ተሳስቼ ተመለስኩ፣ ሌላ ቦታ ቆሜ ብዙ ቆየሁ፣ ከመንገዱ የመኪናው ረዳት የማሊሙን ስም እየጠራ ይጮሃል፣ ማሊሙ ግን አልተንቀሳቀሰም። ገጹ ሲያልቅ ቀና አልኩ። አባቴ የሚያየው ፊቴን አልነበረም፣ ጣቴን ነበር።

“ማሊም፣ አንተን አልጠይቅም፣ አንተ ለሰው ታዝናለህ” አለ። ወደ ኑሪያ ዞረ። “አንቺ ልጅ፣ እውነት አነበበች?”

ኑሪያ አሰበች። “ቀርፋፋ ናት” አለች። “ግን አፏና ጣቷ አብረው ነው የሄዱት።”

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። “የእናትሽም ዒድ ይለፍና” አለኝ፣ “ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደሽ ዩኒፎርም ተለኪ።” ሥጋውን ከአጥሩ አውርዶ፣ ንፋሱ ወደማይወስድበት በኩል ዞሮ፣ ከጾመኞቹ ርቆ ሄደ።

በጃንዋሪ በራሱ እግር ወሰደኝ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው፤ እሱም አለፈ፣ ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል እሠራለሁ። አባቴ የከፈተልኝን ያን ገጽ በኋላ ፈልጌው ነበር። አላገኘሁትም፤ ሁሉንም ማንበብ ከቻልኩ ወዲያ ገጾቹ ተመሳሰሉብኝ። አዳራሹ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፣ ማሊም አደን ተመልሶ አልመጣም፣ ኑሪያ ናይሮቢ ናት፣ ስትደውል አሁንም ዳዳ ትለኛለች፣ አሁንም ትቆጣኛለች። አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተ፣ እናቴም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው፣ ወንድሞቼ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ ሄዱ። መጋረጃውን አላወረድኩትም፣ የሚከልለው ነገር ግን የለም።

ባለፈው ዒድ ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተለያዩ። ዜናው ከተክቢራው ቀድሞ በስልክ ደረሰኝ። የእናቴን ጨረቃ ነውና የምከተለው፣ በማግስቱ ጾመኛ ነበርኩ፤ ሆኖም ማልጄ ተነስቼ ሥጋ ሠራሁ፣ ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ሳልቀምስ፣ ድስቱን ከድኜ ከመጋረጃው ጀርባ አኖርኩት። ማታ አፍጥሬ ከፈትኩት። ጨው አልነበረውም። ጨው አጠገቤ ነበር፤ እንደዚያው በላሁት።